የፒካን ነቀዝ

ነቀዝ ሲባል አገር ቤት የማውቀው የጎተራውን፣ ማሽላና በቆሎ የሚጨርሰውን ነበር። ጆርጂያ ከገባሁ ወዲህ ግን ገና ዛፍ ላይ ያለ ፍሬ የሚበላ ነቀዝ መኖሩን አየሁ። ከጓሯችን ፒካን ሥር የማነሳው ፍሬ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ጎኑን ሲያገላብጡት ግን የእርሳስ ጫፍ የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አለችው። ሰብሬ ሳየው ውስጡ ብናኝ ብቻ። ትሉ ጠግቦ ወጥቷል።

ፒካን የሰሜን አሜሪካ ነባር ዛፍ ነው። የአገሬው ሕዝቦች በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርና በቴክሳስ ከጫካ እየለቀሙ ይበሉት ነበር። የጫካው ዛፍ አመለኛ ነው፤ አንዱን ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፣ በሌላው የአካባቢው ዛፎች አብረው ይነጥፋሉ። ያን ዓመት ነቀዙ ይራባል። እሱም ቢሆን የዋዛ አይደለም፦ ከፍሬው የወጣው ትል አፈር ውስጥ ይገባና አብዛኛው በሁለት ዓመት፣ ጥቂቱ በሦስት ዓመት ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። አንድ ክፉ ዓመት ዘሩን አይጨርሰውም።

ከዚያ ሰው ገባበት። በ1846 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ኦክ አሌይ በሚባል የሸንኮራ እርሻ፣ አንትዋን የተባለ በባርነት የተያዘ አትክልተኛ ከአንድ ምርጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ 16 ዛፎች ላይ አዳቀለ፤ ያዘለት። ፍሬው በ1876 ፊላደልፊያ በተደረገው የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ተሸልሞ «ሴንቴኒያል» ተባለ። ለዛፉ ስም ያወጡ ሰዎች የአንትዋንን የአባት ስም መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ማዳቀል ከተቻለ ቅርፊቱ ስስ፣ ፍሬው ሙሉ የሆነውን መርጦ በረድፍ መትከል ቀላል ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ ጆርጂያ፣ በአልባኒ ዙሪያ፣ የፒካን እርሻ ተስፋፋ። ገበሬው ዛፉ እንዳይነጥፍ ማዳበሪያና ውሃ ሲያቀርብ፣ ሳያስበው ነቀዙንም ቀለበ። ሴቷ አንድ ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቡናማ ጥንዚዛ ናት፤ ቀጭን መንቁሯ ከሰውነቷ ይረዝማል። በእሱ ፍሬውን ትበሳና ጥቂት እንቁላል ትጥላለች።

ኬሚካል ሳይመጣ ገበሬው ከዛፉ ሥር አንሶላ ዘርግቶ ቅርንጫፉን በዱላ ይነቀንቅ ነበር። ነቀዙ ሲደነግጥ የሞተ መስሎ ዱብ ይላል፤ ለቅሞ መግደል ነው። ዛሬ የሚረጭ መድኃኒት አለ፤ ቀኑን የሚቆርጠው ግን ዝናብ ነው። ነሐሴ ደርቆ ሸክላው አፈር ከጠጠረ ነቀዙ እታች ይቆያል፤ ደህና ዝናብ በጣለ በጥቂት ቀን ውስጥ በብዛት ይወጣል፣ ገበሬውም ነቀዙን የሚይዝበትን ወጥመድ ለማየት ይሮጣል።