በጥልፍ፣ በዳንቴልና በስፌት ሥራ የሚመጣ የእጅና የጣት ሕመም

ጥልፍ፣ ዳንቴል ወይም የመሶብ ስፌት እጅን ለረጅም ሰዓት በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያሠራል። ጣቶች መርፌ፣ ኪሮሽ ወይም ወስፌ ጨምድደው ይይዛሉ፤ የእጅ አንጓም ታጥፎ ይቆያል። በዚህ ምክንያት የሚሰማዎት ሕመም ብዙውን ጊዜ በእረፍት ይሻላል። የጣት መደንዘዝ ግን ከድካም ይለያል፤ ነርቭ መጫኑን ሊያመለክት ይችላል። ብዙ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የሚሰማዎት ምን ዓይነት ሕመም ነው?

• የጡንቻ ድካም፦ ሥራ ሲበዛ ይጀምራል፤ ሲያርፉ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይጠፋል።

• የአውራ ጣት ጅማት መቆጣት፦ በአውራ ጣት በኩል ያለው የእጅ አንጓ ጎን ያማል። ሕፃን ሲያነሱ ወይም ከጀበና ቡና ሲቀዱ ይብሳል።

• የጣት መቆለፍ (ትሪገር ፊንገር)፦ ጣትዎ ታጥፎ ይቀርና ሲዘረጉት ቀጭ ብሎ ይፈታል። በተለይ ጠዋት ይብሳል፤ በመዳፍ በኩል የጣቱ ሥር ሲነካ ያማል።

• የነርቭ መጫን (ካርፓል ተነል ሲንድረም)፦ በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ ወይም ይወርራቸዋል። ትንሿ ጣት አብዛኛውን ጊዜ አትደነዝዝም። መደንዘዙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ እጅን ሲያራግፉ ቀለል ይላል። እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስና የመገጣጠሚያ ቁጣ ያለባቸው ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ለምን ችላ አይባልም?

ነርቭ ለረጅም ጊዜ ሲጫን በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል። ያኔ መርፌ መያዝና ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል፤ ዘግይቶ የሚደረግ ሕክምናም የጠፋውን ስሜትና ኃይል ሙሉ በሙሉ ላይመልስ ይችላል።

በቤትዎ ማድረግ የሚችሉት

• በየ20 እና 30 ደቂቃው ሥራውን አስቀምጠው ጣትዎን ይዘርጉ፤ ትከሻዎንም ያላቁ። ሥራው መተዳደሪያዎ ከሆነና ማቆም ካልቻሉ፣ መርፌ የሚይዙበትን ሰዓት ጨርቅ በመቁረጥና ክር በማዘጋጀት ይከፋፍሉት።

• ቀጭን ኪሮሽ ብዙ ያስጨምዳል፤ መያዣውን ጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት። የጥልፍ መወጠሪያውን በጠረጴዛ ላይ፣ ክንድዎን ደግሞ በትራስ ላይ ያስደግፉ።

• መሶብ ወይም ሰፌድ ሲሰፉ አክርማው በደንብ ረጥቦ ይለስልስ፤ ደረቅ አክርማ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

• ሌሊት የሚደነዝዝዎት ከሆነ የእጅ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስረው ይተኙ። ውጤቱን ለማየት ቢያንስ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። ድጋፉ ደም እስኪያግድ ድረስ መጥበቅ የለበትም።

• ለሕመሙ ፓራሲታሞል በመመሪያው መሠረት መውሰድ ይቻላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም እርግዝና ካለ ሐኪም ሳያማክሩ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ።

• ያበጠ ወይም የተቆጣ ጅማት በኃይል አይታሽ፤ ሊባባስ ይችላል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

• መደንዘዙ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ ወይም ቀን ከሌት የማይለቅ ከሆነ፤
• ዕቃ ከእጅዎ የሚወድቅ ወይም የአውራ ጣት ሥር የሚሟሽሽ ከሆነ፤
• ጣትዎ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፤
• በርካታ መገጣጠሚያዎች ካበጡና ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ አልታዘዝ ካሉ።

መርፌ ወይም ወስፌ የወጋው ጣት ካበጠ፣ ከቀላና ሲዘረጉት በጣም ካመመ በዚያው ቀን ይታከሙ። የጅማት ኢንፌክሽን በፍጥነት ካልታከመ ጣቱን ሊያበላሽ ይችላል። ድንገት ከአንድ ወገን እጅ መደንዘዝ ጋር የፊት መጣመም ወይም የንግግር መተሳሰር ከታየ ግን ምክንያቱ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ሐኪሙ የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ ይጠይቃል፤ የእጅዎን ኃይል ይፈትሻል፤ እንደ አስፈላጊነቱ የስኳርና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ያዛል። ድጋፉ ካልረዳ የስቴሮይድ መርፌ ይሰጣል። ነርቩ በጣም ከተጫነ ወይም ጡንቻው መድከም ከጀመረ መተላለፊያውን የሚያሰፋ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፤ ብዙውን ጊዜ እጅን ብቻ በማደንዘዝ የሚሠራ ነው። ለምርመራ ሲሄዱ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠሩና ሌሊት የሚደነዝዙት የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ አስተውለው ይንገሩት።