ክስን ማን ያቅርብ?

ቀድሞ በሸዋ የተበደለ ሰው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱም ነገረ ፈጅ ነበረ። ከበዳዩ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ዳኛ ቢታጣ መንገደኛው ይዳኛቸው ነበረ። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ አንደበተ ርቱዑ ይረታል፤ መናገር የማይሆንለት ድኻ ግን እውነቱን እንደ ያዘ ተረቶ ይመለሳል። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ገበሬማ ችግሩ እጥፍ ነበረ፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ፣ ሙግቱ በአማርኛ ነውና።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የዳኝነትና የፖሊስ ዐዋጆች ወጡ፤ የዐቃቤ ሕጉም ዐዋጅ ወዲያው ተከተለ። ወንጀል የመንግሥት ነገር ሆነ፤ ስለ ተበዳዩም የሚናገር ሹም ተገኘ። ሹመት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የምስክርን ቃል ሳያዛንፉ መጻፍ ትምህርት ይሻል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1946 አባ ዲና የፖሊስ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ይኸው ተማሪ ቤት ኋላ ወደ ሰንዳፋ ወጥቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ምርመራውን ለፖሊስ፣ ክሱን ለዐቃቤ ሕግ ለየ፤ የግል ክስንም በጠባቡ ተወው።

የቋንቋው ነገር ግን ቈየ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው ቃሉን በአስተርጓሚ አፍ ይሰጥ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ በኦሮምያ ፍርድ ቤት በገዛ ቋንቋው ይሰማ ጀመር። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው ከተማ ተጠቃለዋል።