ማትሪክ ያለፈውን ልጅ ማን ይውሰደው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት ሰሞን ጀሞ እንቅልፍ የላትም። ከጀሞ አንድ እስከ ጀሞ ሦስት፣ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃም ሆነ በሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ «ስንት አመጣ?» ይከተላል። ያለፈው ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው ይከብዳል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ ፈላጊው ይበዛል። ዩኒቨርሲቲው ይፈልጋቸዋል፤ መከላከያም ለኢንጂነሪንግና ለጤና ኮሌጆቹ ዕጩ መኮንኖች ሲመለምል ዓይኑን የሚጥለው እነሱ ላይ ነው። ትምህርቱ በነፃ፣ ምግብና መኝታው በመንግሥት፣ ሲጨርሱ ዲግሪ ከማዕረግ ጋር። አባት «ዕድል ነው» ይላል፤ እናት ዝም ትላለች።

መንግሥትና ቤተሰብ በአንድ ጎበዝ ተማሪ ላይ እንዲህ ሲነጋገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታሪኩን ከመነሻው ለሚከታተል ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል፤ መንግሥት የተማረ መኮንን አገኛለሁ ብሎ በላከ ቁጥር የሚመለስለት መኮንን ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያው ምሳሌ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ከዓድዋ ድል በኋላ ሊዮንቲየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋር ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻገሩ። ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የሚካኤሎቭስኪ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተውም ተመለሱ። ያኔ ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር በአገራችን አልተለመደም። የተላኩትም ማትሪክ አልፈው ሳይሆን የመኳንንት ፈቃድ ደርሷቸው ነው። በኋላ ታሪክ ከመድፉ ይልቅ በብዕራቸው ያስታውሳቸዋል። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚባለውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ቴያትር ደረሱ፤ የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣሊያን ሊወርረን በተዘጋጀበት ጊዜ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟገቱ። መድፈኛ ሊሆን የሄደ ልጅ ሕግ አርቃቂ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው።

ከእሳቸው በኋላ ፈረንሳይ የታወቀች መዳረሻ ሆነች። ሳን ሲር ከሚባለው የመኮንኖች ትምህርት ቤት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ክፍሌ ናሲቡ ነው። ስሙን እናቆየው፤ ወዲያው እንመለስበታለን።

ልጅ ወደ ውጭ መላክ ውድ ነው፤ የሚላከውም ሁልጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቱን ወደ አገር ቤት አመጡት። በ1927 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሆለታ፣ የገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠልጣኞቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ስዊድን የተመረጠችው በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ስላልነበራት ነው። ዕጩዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ከተፈሪ መኮንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነቡና የሚናገሩ ወጣቶች ነበሩ። ትምህርቱም የተሰጠው በፈረንሳይኛ ነው። ለሰልፍ ትእዛዝ የውጭ ቋንቋ ያስፈለገው፣ አስተማሪና ተማሪ የሚግባቡበት ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። አባቶቻቸው ጦርነትን የሚያውቁት በነጋሪት፣ በክተትና በስንቅ ነበር፤ እነዚህ ግን ከካርታ ንባብና ከሰዓት መርሐ ግብር ጋር ተዋወቁ።

ጊዜ አልጠበቃቸውም። ትምህርቱን ከጀመሩ አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1928፣ የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በመኪና እየገሰገሰ ነበር። ካዴቶቹ ከክፍሌ ናሲቡና ከታም ጋር ሆነው ጣርማ በር ላይ ሊያቆሙት ወጡ። አልቻሉም። ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተሰበረ በኋላ ገና ያልተመረቁ ልጆች ያን ሠራዊት ያቆማሉ ብሎ መጠበቅም ተስፋ ከመቁረጥ የመጣ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች።

ለእኔ እንደሚመስለኝ የሆለታ እውነተኛ ፈተና ከዚህ በኋላ ነው። ንጉሡ ተሰደዋል፣ መንግሥት የለም፣ ማዕረግ የሚሰጥ የለም፣ አሠልጣኞቹም ወደ አገራቸው ገብተዋል። እነዚህ ልጆች ቤታቸው መግባት ይችሉ ነበር። ብዙዎቹ ግን ወደ ምዕራብ አቀኑና ነቀምት ላይ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራውን የጥቁር አንበሳ ማኅበር መሠረቱ። ከሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያምም እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ነበሩና ተቀላቀሉ። ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፈ። በዚህ ሕግ የፖለቲካ ሥልጣን ከወታደራዊው በላይ እንዲሆን ተደነገገ፤ ገበሬን ማንገላታት ተከለከለ፤ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ታዘዘ። የዘመኑ ዘማች ስንቁን ከባላገር ጎተራ ያወጣ ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላቸውና ገና ሃያን የተሻገሩ ልጆች፣ መሣሪያው እጃቸው እያለ፣ ወታደር ከሲቪል በታች ነው ብለው መጻፋቸውን ደጋግሜ አነባለሁ፤ በእያንዳንዱ ንባብም ይገርመኛል። ይህን ከስዊድኖቹ የሰልፍ ሜዳ አልተማሩትም። ከተፈሪ መኮንንና ከምኒልክ ትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ነው ብል እደፍራለሁ።

በሰኔ ወር ነቀምት አጠገብ ቦናያ በሚባል ስፍራ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን በሌሊት አጠቁ። ጄኔራል ማልዮኮና ታዋቂው አብራሪ ሎካቴሊ የተገደሉት በዚህ ጥቃት ነው። ክፍሌ ናሲቡና ኤርትራዊው በላይ ኃይለአብ መሪዎቹ ነበሩ። ማኅበሩ ራስ እምሩን መሪ አድርጎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቅ፣ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበበና እጁን ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ የተማረ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ክፍሌ ናሲቡ ተገደለ፤ የሐኪም ወርቅነህ ሁለቱ ልጆችም አብረው ሄዱ። ከማኅበሩ የተረፉት ጥቂት ናቸው።

ከነፃነት በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ታሪኩ ረጅም ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ የሚበጀው አንድ ነጥብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸውን ለአንድ አገር አላስረከቡም። አየር ኃይሉን በቢሾፍቱ ያቋቋሙት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመሯቸው ስዊድኖች ናቸው፤ ባሕር ኃይሉን በምፅዋ ኖርዌያውያን፤ ምድር ጦሩን በ1945 በተፈረመው ስምምነት አሜሪካውያን። በዚሁ ስምምነት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ሄደው ሠለጠኑ። አንዱ አሠልጣኝ ሌላውን እንዲመዝን የተደረገ ዘዴ ነው የሚሉ አሉ፤ ዘዴም ቢሆን ጦሩ ውስጥ የተለያየ የሰላምታ አሰጣጥ ፈጥሯል።

የመኮንንነት ትምህርት ለከፍተኛ ተማሪ በእውነት የተከፈተው ግን በሐረር ነው። በ1950ዎቹ መባቻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር አካዳሚ ተመሠረተ። ሞዴሉ የእንግሊዙ ሳንድኸርስት፣ አሠልጣኞቹ በብርጋዴር ራውሊ የሚመሩ የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። ሕንዶቹም ልክ እንደ ስዊድኖቹ የቅኝ ገዥ ጥላ አልነበረባቸውም። ኮርሱ ሦስት ዓመት፣ ከወታደራዊው ጎን የቀለም ትምህርት ያለበት ነው። ዕጩዎቹ ከምርጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆችና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ ጦሩ የወሰደው ከእነማን ላይ እንደሆነ ልብ ይሏል። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የተከፈተው በ1943 ነው። በአገሪቱ ማትሪክ የሚያልፈው ተማሪ ጥቂት ነበር፤ ከዚያ ጥቂት ላይ መምህር፣ ሐኪም፣ ዳኛና መሐንዲስ ይጠበቃል። መመልመያ ኮሚቴው ኮሌጁ ድረስ መጥቶ ፍሬሽማኖቹን ሲያነጋግር ዲኑ ደስ ባይላቸው አይገርምም።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በወጣ ሕግ የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ በሲቪል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተተከለ፤ በ1964 ደግሞ ሙሉ ስኮላርሺፕ ተጨመረበት። ልጁ ሕግም ታሪክም እየተማረ፣ ከማንኛውም ተማሪ ጋር እየተከራከረ፣ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ዩኒፎርም ይለብሳል፤ ሲመረቅ በመኮንንነት ያገለግላል። የእኛው ደግሞ ተማሪውን ከካምፓሱ አውጥቶ ወደ ጦር ሰፈር ያስገባዋል። ሁለቱም ጥሩ መኮንን ያወጣሉ፤ የሚለያዩት መኮንኑ ሲቪሉን ምን ያህል ያውቃል በሚለው ላይ ነው።

ሐረር የወጣው መኮንን በየክፍለ ጦሩ ሲደርስ ያገኘው ከሆለታ የወጣውን መኮንን ነበር። ሆለታ ከነፃነት በኋላ በብዛት ከተራ ወታደርነትና ከበታች ሹምነት ያደጉትን ያሠለጠነ ቤት ነው። የሐረሩ ልጅ እንግሊዝኛው የተስተካከለ፣ ጫማው የሚያንጸባርቅ፤ የሆለታው ልጅ ወታደሩን በስም የሚያውቅ፣ በረሃውን የኖረ። የሆለታው የሐረሩን ጉረኛ፣ የሐረሩ የሆለታውን መሃይም ማለቱ አልቀረም። ዕድገትና የውጭ ስኮላርሺፕ ለየትኛው ይበልጥ እንደሚደርስ የሚነሳው ቅሬታ ደግሞ ከስድቡ ይበልጥ ይመር ነበር። በእኔ አስተያየት የዘመኑ ጦር ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው። ማስተማሩ ልክ ነበር፤ ለሁለት ከፍሎ ማስተማሩ ግን ጦሩን ከውስጥ ሰነጠቀው።

ስንጥቁ በሰኔ 1966 ታየ። ከየክፍሉ የተወከሉት፣ በኋላም ሥልጣን የያዙት የደርግ አባላት እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያሉ መኮንኖች፣ የበታች ሹሞችና ወታደሮች ነበሩ። በሊቀ መንበርነት የወጡት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሆለታ ምሩቅ ናቸው፤ የተወከሉትም ከሐረሩ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነው። ከዚያ በኋላ ወታደር ከሲቪል በታች ነው የሚል አንቀጽ ማን ያነብባል? ጥቁር አንበሶች ከጻፉት ገና 38 ዓመት ነበር። የሐረር አካዳሚ ደግሞ በኦጋዴን ጦርነት ሰሞን ተዘጋ፤ ዕጩዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት መሄድ ጀመሩ። ግንቦት 8 ቀን 1981 መንግሥቱን ለመገልበጥ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሐረር የተመረቁ ጄኔራሎች ነበሩበት፤ ከሸፈና ብዙዎቹ ተረሸኑ።

ዛሬ መሪነቱ ወደ ቢሾፍቱ ዞሯል። በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የኢንጂነሪንግና የጤና ኮሌጆች የሚያስተምሩት ሲቪሉ በሚያውቀው ሙያ ነው፤ የሚወጣውም መኮንን መሐንዲስ ወይም ሐኪም ሆኖ ነው። የጀሞ ወላጆች ልጃቸው ከሚፈርመው ወረቀት ላይ ሊያነብቡ የሚገባቸው ስለዚህ ሁለት ነገር ነው፦ ለስንት ዓመት አገልግሎት እንደሚፈርም፣ ከዚያም በኋላ ዲግሪው በሲቪል መሥሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚከበርለት። ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ወታደር ከሲቪል በታች ነው ወይ የሚለውንና የጥቁር አንበሳ ልጆች በነቀምት የመለሱትን፣ ወረቀቱ አይመልሰውም፤ ዕጩ መኮንኑ ራሱ እያገለገለ የሚመልሰው ነው።