ወረታ ላይ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ

መጋቢት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የምንሄድበት ሚኒባስ ወረታ መግቢያ ላይ ቆመና «ውረዱ፣ ፍተሻ ነው!» ተባልን። (ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው።) ወረታን የሚያውቅ ሰው የመጋቢትን ፀሐይ ያውቃታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም፣ ዙሪያዋን የከበባት የፎገራ ሜዳ በበጋ እንደ ምጣድ ይግላል። ሁላችንም በከነቴራና በቲሸርት ነን። አንድ ሰውዬ ብቻ ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ዚፑን እስከ ደረቱ ዘግቶ ላቡን ይጠርጋል።

ፖሊሱ ማንንም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ሄደ።

«ወንድም፣ በዚህ ሙቀት ጃኬት?»

ሰውዬው ሱሪው ወገብ ላይ ሽጉጥ ሸጉጧል። ማህደር የለው፣ ምን የለው፤ እንዲሁ በቀበቶውና በሆዱ መሃል። ፈቃድ ስለነበረው ነገሩ በወረቀት አለቀ። ከጎኔ የቆሙ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ አንድ አባት ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። «ልጄ፣ እኛ መሣሪያ ስንይዝ ሰው እንዲያየን ነበር። ይሄ ደግሞ ሰው እንዳያየው ብሎ በላብ ሊሞት ነው!»

የእኚህ አባት ቀልድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። እንዲታይ ከመያዝ እንዳይታይ ወደ መያዝ የተሻገርነው መቼ ነው? ለምንስ? እስቲ አብረን ወደኋላ እንመልከት።

የቋንቋችንን ኪስ እንፈትሽ

ፍተሻውን ከቃላት እንጀምር። «ታጠቀ» ማለት በመጀመሪያ ወገቡን አሰረ ማለት ነው። «ትጥቅ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው፤ መሣሪያ ማስረከብን ዛሬም «ትጥቅ መፍታት» እንለዋለን። በአማርኛ አእምሮ ውስጥ የታጠቀ ሰው ማለት ወገቡ ላይ የታሰረው ነገር የሚታይ ሰው ነው። ድጉ ይታያል፣ ዝናሩ ይታያል፣ በቀኝ ጎኑ የሚንጠለጠለው ጎራዴም ከነአፎቱ ይታያል። ሽጉጥ ሲመጣም ያው አፎት ለሽጉጡ ቤት መጠሪያ ሆነ። ሌላው መጠሪያ «ማህደር» ነው፤ ዳዊቱን ከዝናብና ከአቧራ የሚጠብቀው የቆዳ ከረጢት ስም! ለጸሎት መጽሐፍና ለሽጉጥ አንድ ስም መስጠታችንን ልብ በሉልኝ።

ጠመንጃስ? ይህ ቃል በዐረብኛ በኩል ከቱርክኛው «ታባንጃ» የመጣ ነው። የሚገርመው ግን ታባንጃ በቱርክኛ ትንሿ፣ በእጅ የምትያዘዋ ናት። እኛ የትንሿን ስም ወስደን ለረጅሙ ሰጠነው። ትንሿ ስትመጣ ስሟ ተይዞ ጠበቃት፤ ሌላ ስም አስፈለገ። ያኔ ያወጣንላት ስም ከቅርጿም ከድምፅዋም አልተወሰደም፤ «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ ነው። ሽጉጥ፦ የተወሸቀ፣ የተደበቀ ማለት ነው። እናት ብሯን መቀነቷ ውስጥ እንደምትሸጉጠው።

ስለዚህ የአባታችን ቀልድ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። መደበቅን አናውቀውም ነበር ማለት አይቻልም፤ ስሙ ራሱ ይመሰክርብናል። ግን ለሚታየው አንድ ስም፣ ለሚደበቀው ሌላ ስም ሰጠን። ሁለቱን አላምታታናቸውም።

በርኖስ ስር

ሙቀት ውስጥ መሣሪያ ስለ መደበቅ በዝርዝር ከጻፉት ሰዎች አንዱ ፎገራን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት በጣና ምስራቃዊ ዳርቻ ወደ ደቡብ ሲወርድ ርብንና ጉማራን ተሻግሯል። እነዚህ ወንዞች ዛሬም በየክረምቱ የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቁት ናቸው። በእኛ ሀገር ሳለ እንደማንኛውም ባለሟል መሣሪያውን በግልጽ ይዞ ይዞር ነበር፤ ከሚታጠቅ ሰው መሃል የታጠቀ ሰው ምን ይደብቃል?

ነገሩ የተለወጠው ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሱዳን ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ጸደይ፣ በአትባራ ምድር ተዋ በምትባል ቦታ፣ ሼህ ፊዴሌ የተባለው ገዥ ገንዘብ ፈልጎ አላስወጣ አለው። ሰዓቱ ከዝናብ በፊት ያለው፣ የሱዳን ሙቀት የሚጨክንበት ወቅት ነው። ብሩስ እንደሚተርከው ወደ ገዥው ቤት ሲሄድ ሰደፉ የሚታጠፍ አጭር ጠመንጃ በቀጭን ቀበቶ በግራ ብብቱ ስር አንጠለጠለ፤ ወገቡ ላይ ሁለት ሽጉጥ ሻጠ፤ ከላይ በርኖሱን ደረበ። አዎ፣ በርኖስ! እኛ ደገኞች ብርድ የምንከላከልበት ካባ። ተጠንቅቆ ከተቀመጠ ማንም መሣሪያ መያዙን ሊያውቅ እንደማይችል ይነግረናል። ሼሁ ተቆጥቶ ቢላዋውን ሲያወጣ ብሩስ በርኖሱን ወደኋላ ወረወረ፤ ሼሁም ቀልድ ነው እያለ ወደ መቀመጫው ተመለሰ።

ብሩስ ስለ ራሱ ሲያወራ ማጋነን ይወዳል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ የሼሁን ፍርሃት በዚያ ልክ ማየት ይቻላል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ያው ሰው፣ ያው መሣሪያ። የሚያውቁት ሰዎች መሃል ሳለ ይታይ የነበረው፣ በማያምነው ሰው ቤት ተደበቀ። መደበቅን ያመጣው የመሣሪያው ማነስ ወይም የልብሱ ስፋት ብቻ አይደለም፤ አለመተማመን ነው። ዋጋውንም የከፈለው ገላው ነው፤ በዚያ ሀሩር የሱፍ ካባ መደረብ ቀልድ አይደለም።

የንግሥቷ ስጦታ

ከወረታ ወደ ምስራቅ በሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጓዙ ደብረ ታቦር ትደርሳላችሁ። አጠገቧ ጋፋት አለች፤ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለእጆች መድፍ ያስቀለጡባት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ተነስቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ከዚህ በላይ የሚታይ መሣሪያ ከየት ይመጣል!

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ የመጨረሻ ውሳኔያቸውን የፈጸሙት ግን በሽጉጥ ነው። ሽጉጡ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ቆንስሉ ፕላውዴን በደግ ስለተያዘላቸው የተሰጠ ምስጋና መሆኑ በብር ላይ ተቀርጾበታል። እንግዲህ በታሪካችን ስመ ጥሩ የሆነው ሽጉጥ እንዲደበቅ የተሠራ አልነበረም። ሰው እንዲያነበው ስም የተጻፈበት የክብር ዕቃ ነበር።

ቁምጣና ዝናር

ወደ ሜዳችን እንመለስ። ፎገራ የከብት ሀገር ነው፤ በስሙ የሚጠራ የላም ዝርያ አለው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ የሩዝ ሀገር ሆኗል። ከብት ያለው ሰው ዘራፊ ይፈራል፣ ዘራፊ የሚፈራ ሰው መሣሪያ ይይዛል። ስናድሩም፣ ውጅግራውም፣ ምንሽሩም፣ በኋላም ክላሹ በተራ በተራ በዚህ ሜዳ ትከሻ ላይ አልፈዋል።

አሁን የፎገራን ገበሬ አለባበስ አስቡት። ቁምጣ፣ ስስ ሸሚዝ፣ ትከሻ ላይ ጋቢ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ። የት ይደብቀው? (በቁምጣ ሽጉጥ መሸጎጥ የሞከረ ካለ በአካል ባገኘው ደስ ይለኛል።) ጋቢው ሊሸፍንለት ይችላል፤ ሥራ ሲጀመርና ፀሐይ ስትከር ግን መጀመሪያ የሚወልቀው እሱ ነው። አራት ኪሎ የሚጠጋውን ክላሽ አንገቱ ላይ እንደ ዱላ አጋድሞ፣ ሁለት እጆቹን በላዩ ሰቅሎ ሲሄድ ግን ነፋስ በብብቱ ስር ያልፋል። ለሙቀት የሚመች አያያዝ ከተባለ ይሄ ነው!

ከምቾቱ በላይ ግን ማኅበራዊ ትርጉም ነበረው። የሚታይ መሣሪያ ባለቤት አለው፤ የማን ልጅ እንደያዘው ሀገር ያውቃል። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌው «ልጄ፣ እሱን አስቀምጥና ተቀመጥ» ማለት ይችላል። ያልታየውን ማን «አስቀምጥ» ይላል? ያለፈውን ላስውብ አልፈልግም፤ በእነዚሁ በሚታዩ ጠመንጃዎች ስንት ደም ተመላልሷል። መታየቱ ሞትን አላስቀረም። ቢያንስ ግን ለሽምግልና በር ይተው ነበር።

ኮት የመጣ ጊዜ

መደበቅ የተስፋፋው በከተማ ነው፤ ኮትና ሱሪም ረድተውታል። ጣሊያን በ1928 ሲገባ ወታደሮቹ ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ቤሬታ ነበር፤ ከኪሎ በታች፣ ለኮት ኪስ የምትመች። በደርግ ዘመን ሶቪየት ሠራሹ ማካሮቭ መጣ። የማካሮቭ ወታደራዊ ማህደር ክዳን ያለው፣ ትርፍ ካዝና መያዣ የተሰፋለት ነው፤ ከዝናብና ከአቧራ እንዲጠብቅ እንጂ እንዲደብቅ አልተሠራም። መኮንኑ ቀበቶው ላይ በግልጽ ያንጠለጥለዋል።

ሽጉጥ ያለ ማህደር ኮት ስር ሲገባ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ በ1969 አየችው። በመስከረም በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ከዚያ በከተማው ግድያና አጸፋ ግድያ ተከታተለ፤ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ፤ ቀይ ሽብር ታወጀ። ጎረቤት ጎረቤቱን «ምን ይዞ ይሆን?» እያለ ማየት ጀመረ። የተደበቀ መሣሪያ ክፋቱ ይሄ ነው፤ አንዱ ሲደብቅ ያልደበቀውም ይጠረጠራል።

ይህ የእኛ ብቻ ስሜት አይደለም። ዛሬ ከግማሽ በላይ የአሜሪካ ግዛቶች ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያ ደብቆ እንዲይዝ ይፈቅዳሉ፤ ለበጋ የሚመች ማህደር መሸጥም ትልቅ ገበያ ነው። እዚያው አሜሪካ ግን ኬንታኪና ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በ1813 ደብቆ መያዝን በሕግ ከልክለው ነበር። በግልጽ የያዘ ጨዋ፣ የደበቀ ወንጀለኛ ተብሎ የሚታሰብበት ዘመን ነበር። ወረታ ላይ የሳቁት አባት በዚያ ምክር ቤት ቢቀመጡ ኖሮ እጃቸውን የሚያወጡት ለየትኛው ወገን እንደነበር አይጠፋንም።

ላብ የሚያስተምረው

ማህደር ሠሪዎቹ የሚሉትን ብንሰማ፣ የሙቀት ሀገር ችግር ሦስት ነው። ላብ ጨው አለው፣ ጨው ብረት ያዝጋል። ቆዳ ላቡን ይጠጣና ይለሰልሳል፣ ከዚያም መያዝ ይተዋል። ፕላስቲኩ ላብ አይጠጣም፣ ግን ገላ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በብረቱና በገላው መካከል የሚገባ ሽፋን፣ የማይታጠፍ ጠንካራ ቀበቶና ሰፊ ሸሚዝ ይመክራሉ። ከሁሉም በላይ ግን ቃታው የግድ መሸፈን አለበት ይላሉ። የወረታው ሰውዬ ይህን ሁሉ ትቶ ቃታውን ወደ ገዛ ሆዱ አዙሮ ሚኒባስ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ፣ አሥራ ምናምን ሰው ተጨናንቆ! ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ፈቃዱ ከሕግ አዳነው፤ እሱንም እኛንም ከጥይት ያዳነን ግን ዕድል ብቻ ነው።

በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ማን መያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃድ መያዝም ወንጀል ነው። አዋጅ ግን ሰው ለምን መደበቅ እንደፈለገ አይጠይቅም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ስለ መሣሪያ መሳቅ ራሱ ከባድ ሆኗል። አሁን የሚታየውም ያስፈራል፣ የተደበቀውም ያስፈራል።

እናም ለሙቀት የሚመች ማህደር የቱ ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ወዳጄ መልሴ ይህ ነው። ብሩስ በበርኖስ ሞከረው፣ የወረታው ሰውዬ በጃኬት። ሁለቱም አላባቸው። ገላ የሚመቸው መሣሪያውን ቤት ትቶ መውጣት ሲቻል ነው። ያ እንዲቻል ደግሞ ጎረቤትን ማመን ያስፈልጋል፤ እሱን የሚሰፋልን ቆዳ ሠሪ የለም። እኛው ነን የምንሰፋው።

ሚኒባሱ ሲነሳ ሰውዬው በመጨረሻ ጃኬቱን አወለቀ። መስኮቱን ከፈተልንና ሁላችንም ተነፈስን።