የጥለት ርቀት፦ ብርሃንን በማስመሪያ መለካት

የፊዚክስ መማሪያዎቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ «ፍሪንጅ ስፔሲንግ» የሚለውን ሐረግ ተማሪው ቀመሩን ሸምድዶ ያልፈዋል። በአማርኛ ምን እንበለው? እኔ «የጥለት ርቀት» እላለሁ። ምክንያቱን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ነገሩን እንየው።

በአንድ ስስ ጥቁር ወረቀት ላይ ሁለት ጠባብ ስንጥቆች ጎን ለጎን አውጥተን ቀይ የሌዘር ብርሃን ብናሳልፍባቸው፣ ከፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ብዙ ቀያይ መስመሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ በየመካከላቸው ጨለማ አለ። ከአንዱ ደማቅ መስመር መሐል እስከ ቀጣዩ ደማቅ መስመር መሐል ያለው ስፋት ነው የጥለት ርቀት የምንለው።

ጨለማው ከየት መጣ? ብርሃን ሞገድ ስለሆነ ከሁለቱ ስንጥቆች የወጡት ሞገዶች ግድግዳው ላይ ይደራረባሉ። አንዱ ከሌላው በአንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ዘግይቶ ቢደርስ ከፍታው ከከፍታ ይገጥምና ቦታው ይደምቃል። በግማሽ ከዘገየ ግን ከፍታው ከዝቅታ ይገናኝና ይጠፋፋሉ፤ ቦታው ይጨልማል። ከመሐል ወደ ጎን ፈቀቅ ባልን ቁጥር የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ቀስ እያለ ያድጋል። አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት በጨመረ ቁጥር አዲስ ደማቅ መስመር ይመጣል። ቀመሩም ከዚሁ ይወጣል፦

የጥለት ርቀት = የሞገድ ርዝመት × እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት ÷ በስንጥቆቹ መካከል ያለው ርቀት

በቁጥር እንሞክረው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ቀይ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ ማለትም 0.00065 ሚሊ ሜትር። ግድግዳው 2 ሜትር ይራቅ፤ ይህም 2000 ሚሊ ሜትር ነው። ስንጥቆቹ በ0.25 ሚሊ ሜትር ይራራቁ። 0.00065 በ2000 ሲባዛ 1.3፣ ለ0.25 ሲካፈል 5.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በማንኛውም የተማሪ ማስመሪያ ይለካል! ለዓይን ፈጽሞ የማይታይ ርዝመት ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ የዚህ ሙከራ ውበቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌዘሩን በአረንጓዴ (532 ናኖ ሜትር) ብንቀይረው መስመሮቹ ወደ 4.3 ሚሊ ሜትር ይጠጋጋሉ።

ተማሪ የሚስትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው መስፈሪያ ማደባለቅ ነው፤ ናኖ ሜትሩን፣ ሚሊ ሜትሩንና ሜትሩን ወደ አንድ ሳያመጣ ያባዛል። ሁለተኛው አቆጣጠር ነው። አንዱን ክፍተት ብቻ ከመለካት ይልቅ የአሥሩን ለክቶ ለ10 ማካፈል ይሻላል፤ አሥር ክፍተት የሚገኘው ግን በአሥራ አንድ ደማቅ መስመሮች መካከል ነው። አሥር መስመር ቆጥሮ ለ10 የሚያካፍል ተማሪ የሞገድ ርዝመቱን በአንድ አሥረኛ ያሳንሰዋል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩም ስስ ነው። ታዲያ ጥለቱ እዚህና በባሕር ጠረፍ ባለችው ምጽዋ ላይ ይለያያል? በእርግጥ ይለያያል፤ ግን ከአሥር ሺህ አንድ በማይሞላ መጠን ስለሆነ ማንም በማስመሪያ አይደርስበትም። ሙከራውን ውኃ ውስጥ ብንሠራው ግን የሞገድ ርዝመቱ ስለሚያጥር 5.2 የነበረው ወደ 3.9 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ግድግዳውን ማራቅ ደግሞ ጥለቱን ያሰፋዋል። በወሬ ደረጃ፣ ስንጥቆቹን ደብረ ብርሃን አስቀምጠን መጋረጃውን በአየር ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ አንኮበር ላይ ብንዘረጋው፣ ከአንድ ደማቅ መስመር እስከ ቀጣዩ 65 ሜትር ይሆናል። ብርሃኑ ያን ያህል ተበትኖ ማየት መቻሉ ሌላ ጥያቄ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀርበው የሱፍ ነገር ነው። የዚህ ሙከራ አባት እንግሊዛዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ቶማስ ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1803 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጥናት የተጠቀመው ስንጥቅ አልነበረም። በቀዳዳ የገባችውን ቀጭን የፀሐይ ጨረር አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ የካርድ ቁራጭ ነበር ለሁለት የከፈላት። ያው ሰው በኋላ የብርሃንን ቀለበቶች እያየ የሱፍ ጸጉርን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ሠራ፤ «ኤሪዮሜትር» አለው።

ሱፍ ደግሞ ለደብረ ብርሃን እንግዳ አይደለም። የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው፤ በርኖሱና ባናውም የሚሠራው ከመንዝ በግ ጸጉር ነው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ በአካባቢው ከአዋሲ ዝርያ ጋር ሲዳቀልም ቆይቷል። አንዲት የበግ ጸጉር በሌዘር ፊት ወጥራችሁ ብትይዙ፣ ጸጉሯ እንደ አንድ ስንጥቅ ሆና ግድግዳው ላይ ደማቅና ጨለማ ትዘረጋለች። ቀመሩ ያው ነው፤ በስንጥቆቹ ርቀት ቦታ የጸጉሯ ውፍረት ይገባል፣ የሚለካውም በሁለት ተከታታይ ጨለማዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ከመሐሉ ደማቅ ግራና ቀኝ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨለማዎች እጥፍ ስለሚራራቁ እነሱን መተው ነው። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ክፍተቱ 4.3 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ጸጉሯ 0.03 ሚሊ ሜትር ትወፍራለች ማለት ነው። ጸጉሩ በወፈረ ቁጥር መስመሩ ይጠብባል። ከአንድ በግ የተነቀሉ ጸጉሮችም እኩል ስለማይሆኑ ብዙ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል።

አሁን ወደ ስያሜው። እንግሊዝኛው ቃል የጨርቅ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ዘርፍ የሚል ነው። «ዘርፍ» ብለን ብንወስደው ዛሬ የግብርና ዘርፍ፣ የጤና ዘርፍ ከሚለው ጋር ይምታታል፤ ደግሞም ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠል ነገር የለም። ያለው እንደ ነጠላ ጥለት በቀለም የተፈራረቀ መስመር ነው። ጥለት በጠርዝ ብቻ ነው የሚጣለው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ የብርሃኑ ግን መጋረጃውን ያለብሰዋል። ይህን ጉድለት ይዞም ከ«ፍሪንጅ» ይሻላል። ኢንተርፈረንስን «ጣልቃ ገብነት» ማለቱን ግን አልቀበልም፤ ያ የፖለቲካ ነው፣ «የሞገዶች መደራረብ» ይበቃል።

እናንት የደብረ ብርሃንና የአንኮበር የፊዚክስ መምህራን፣ ቤተ ሙከራ የለንም ብላችሁ ይህን ሙከራ አትዝለሉት። አንድ ሌዘር፣ አንድ ማስመሪያና አንድ የበግ ጸጉር ይበቃል። ሌዘሩን ብቻ ወደ ማንም ዓይን እንዳታዞሩ።