የባሕር ዳር ብስክሌትና የጣና ጀልባ፦ ማን አለያያቸው?

ደወሌ ወይም ሽንሌ ለሚኖር ሰው «ቀኑን ሙሉ በውሃ ዳር ብስክሌት ነድቶ በጀልባ መሻገር» የሚባለው ነገር የሌላ አገር ወሬ ይመስላል። እዚያ ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ውሃው ሲመጣ ደግሞ ይዞ ለመሄድ ነው የሚመጣው፤ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት ወስዷል። ደወሌን ከባሕሩ ጋር ያገናኛት ሐዲድ እንጂ ወንዝ አይደለም።

ብስክሌትና ጀልባ ጎን ለጎን የኖሩበት የኢትዮጵያ ከተማ ግን አለ፤ ባሕር ዳር። የሁለቱ ታሪክ መንግሥት የሠራውን መንግሥት ራሱ ሳያስበው እንዴት እንደሚያፈርስ ያሳያል።

መጀመሪያ ታንኳው ነበር። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ የወይጦዎች ጥበብ ነው። የዘጌ ሰው ማገዶውን ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው በእሱ ነው። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ ቡናና ገዳም ብቻ የሞላበት ምድር ስለሆነ ያለ ሐይቁ እህል አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ ካርታ ሲያነሳ፣ ደሴቶቹን የጎበኘው በዚሁ ታንኳ ነው።

ሞተር ያለው ጀልባ ከጣልያን ጋር መጣ። ጎርጎራ የወደብና የጀልባ ሥራ ማዕከል ሆነች። ከነፃነት በኋላም መስመሩ ቀጠለ፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ ለመግባት ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ቀርፋፋ ነው፤ ግን መኪና ለማያይ የሐይቅ ዳር መንደር ከዚህ ሌላ አውቶቡስ አልነበረም።

ብስክሌቱን ያበዛው ደግሞ የ1950ዎቹ ሥራ ነው። በጣልያን የጦር ካሣ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ተከፈተ፤ በሶቪየት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ተከተለ፤ ቀጥሎ የጢስ ዓባይ መብራት መጣ። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ለከተማዋ ማስተር ፕላን አዘጋጀ። መሬቱ ለጥ ያለ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዳርና ዳሩ ዘንባባ። ሠራተኛው፣ ተማሪውና የቢሮው ሰው ብስክሌት ላይ ወጣ። አዲስ አበባ ዳገት ስትወጣ ብስክሌት ለስፖርተኛ ብቻ ቀረ፤ ባሕር ዳር ላይ የእንጀራ መሣሪያ ነበር። ጎብኚም ቢሆን ብስክሌት ተከራይቶ በየብስ ዘጌ ደርሶ በጀልባ መመለስ ይችል ነበር። የአውሮፓ የብስክሌት ክበቦች የቀን ጉዞ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ብስክሌቱን ያሸነፈው ባጃጅ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ከተማው በየአቅጣጫው ሲሰፋና ቤትና ሥራ ሲራራቁ፣ ለብስክሌት የተለየ መስመር ማንም አልጠበቀለትም።

የጀልባው ጉዳይ ግን የሚያስቆጭ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ በሮች በ1988፣ የቀሩት በ1993 አለቁ። ዓላማው ለጢስ ዓባይ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማድረስ ነበር። ትልልቆቹ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ቢያንስ 1,784.75 ሜትር መሆን አለበት። ድርቅ ባለበት ዘመን ለመብራት ብዙ ውሃ ስለተለቀቀ፣ ሰኔ 1995 ላይ ሐይቁ ወደ 1,784.46 ሜትር ወረደ። ሃያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው ልዩነቱ! ለጥቂት ወራት ትልልቆቹ ጀልባዎች ቆሙ። አምፑሉ የበራለት የከተማ ሰው አላወቀውም፤ የደቅ ገበሬ ግን እህሉን ይዞ ዳር ላይ ቀረ። መብራት አያስፈልግም ማለት አይደለም። በሩን የሚከፍተው ሰው ጀልባ ተሳፋሪ መኖሩን የሚያስታውስበት ሥርዓት አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በ2002 ሥራ ጀምሮ ውሃውን በዋሻ ወደ ሌላ ሸለቆ ወሰደ። በ2004 እምቦጭ መታየቱ ታወቀ፤ ለታንኳም ለሞተርም ጠላት የሆነ አረም ነው።

ግንቦት 2016 ላይ በባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አንድ መሐንዲስ ብስክሌተኛውን አስታወሰው ማለት ነው። ድልድዩ የተመረቀው ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና ሳይነሳ ነበር። መስመሩ ተሠርቷል፤ ከከተማው ወጥቶ በሐይቁ ዳር ዘጌ ድረስ ለመንዳት ግን በዚያ ሰሞን ብስክሌት ብቻውን አይበቃም ነበር።