ስኳር የወለዳቸው ሁለት ደሴቶች

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ተረት አይደለም፤ ባሕር ያሻገራቸው ሰዎች እውነተኛ ታሪክ ነው።

ሁለት ደሴቶች አሉ። አንደኛዋ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ሞሪሸስ ናት። ሁለተኛዋ ከቬንዙዌላ ጠረፍ አጠገብ በካሪቢያን የምትገኘው ትሪኒዳድ ናት፤ ከታናሽ እኅቷ ከቶቤጎ ጋር አንድ አገር ሆናለች። በመካከላቸው መላው አፍሪካና መላው አትላንቲክ ተዘርግቷል። የየአንዳንዳቸው ሕዝብ 2 ሚሊዮን አይሞላም። ግን ስማቸውን ሸፍናችሁ ታሪካቸውን ብትሰሙ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ትቸገራላችሁ። ያመሳሰላቸው ስኳር ነው። (ቀኑንም ዓመቱንም የምጠራላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሸንኮራ አገዳ ብዙ ጉልበት ይበላል። ፈረንሳዮች ሞሪሸስን ሲይዙ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ ጠረፍ ሰው እያስጋዙ በባርነት አሠሩ። ትሪኒዳድም ከምዕራብ አፍሪካ በተጋዙ ሰዎች ላብ ለማች። ኋላ ሁለቱም በእንግሊዞች እጅ ወደቁ፤ ትሪኒዳድ በ1797፣ ሞሪሸስ በ1810። በ1830ዎቹ ባርነት በሕግ ሲቀር ነፃ የወጡት ሰዎች ለእርሻው ጀርባቸውን ሰጡ። ማን በጅራፍ ወደተገረፈበት ማሳ ይመለሳል? ባለርስቶቹ ዓይናቸውን ወደ ሕንድ አዞሩ።

ኅዳር 2 ቀን 1834 አትላስ የምትባል መርከብ 36 ሕንዳውያን የኮንትራት ሠራተኞችን ይዛ ሞሪሸስ፣ ፖርት ልዊ ደረሰች። ግንቦት 30 ቀን 1845 ደግሞ ፋቴል ራዛክ ከ200 በላይ ሕንዳውያንን ጭና ትሪኒዳድ፣ ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ መልሕቋን ጣለች። ከዚያ ወዲያ ጎርፍ ሆነ። በሞሪሸስ ወደብ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አለፈ፤ ወደ ትሪኒዳድ 144 ሺህ ያህል መጣ። ፖርት ልዊ ላይ አፕራቫሲ ጋት የሚባለው የመቀበያ ግቢ ዛሬም አለ። ከባሕሩ ወደ ግቢው የሚያስወጡት 16 ደረጃዎች ናቸው። የዛሬዎቹ ሞሪሸሳውያን ሕንዳውያን አያቶች፣ ማንበብ የማይችሉትን ውል በጣታቸው ፈርመው፣ እነዚያን ደረጃዎች ረግጠው ወጡ።

አሁን ወደ ማለዳው ልውሰዳችሁ።

በፖርት ልዊ ጎዳና ጠዋት ሰው ዶል ፑሪ ሻጭ ዘንድ ተሰልፎ ታያላችሁ። ዶል ፑሪ በተቀቀለና በተፈጨ የአተር ክክ የተሞላ ስስ ቂጣ ነው። ሁልጊዜ በጥንድ ይሸጣል። የአደንጓሬ ወጥና የቲማቲም ስልስ ይደረግበትና፣ ከቃሪያ ዳጣ ጋር ተጠቅልሎ በወረቀት ይሰጣችኋል። ቻይናዊውም፣ ሙስሊሙም፣ የባሪያዎቹ ዘር የሆነው ክሪዮሉም የሚበላው እሱን ነው። በትሪኒዳድም ሰልፉ ያው ነው፤ እዚያ የሚሸጠው ደብልስ ይባላል። በእርድ ቢጫ የሆኑ ሁለት ለስላሳ ጥብስ ቂጣዎች፣ በላያቸው የሽምብራ ወጥ። ይህን ምግብ በ1930ዎቹ ፕሪንሰስ ታውን በምትባል ከተማ የዲን ቤተሰብ እንደጀመረው ይነገራል። ከሌሊት ጭፈራ የሚመለሰውም፣ ለሥራ የሚጣደፈውም እዚያው ቆሞ ይበላል። የሁለቱም ምግቦች አያት በሕንድ የቢሃርና የአካባቢው ገበሬ ጓዳ ነው። አተርና ሽምብራ እንዲህ ዓለምን መዞራቸው፣ ለእኛ ክክና ሽሮ ወዳዶች እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ከማዕድ ወደ አንደበት ስንመጣ ግን ደሴቶቹ ይለያያሉ። ሞሪሸሳዊ በፓርላማ በእንግሊዝኛ ይከራከራል፤ ጋዜጣ በፈረንሳይኛ ያነባል፤ ቤቱ ሲገባ በክሪዮል ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ልጁን ያባብላል። ክሪዮል የሚባለው፣ ባሪያዎች ከጌቶቻቸው ፈረንሳይኛ አንስተው የራሳቸው ያደረጉት ቋንቋ ነው። ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በትምህርትነት የገባው ግን ገና በ2012 ነው። የሕንዳውያኑ ቋንቋ ቦጅፑሪም አልሞተም፤ በሠርግ ዋዜማ ሴቶች የሚዘፍኑት ጊት ጋዋይ በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በትሪኒዳድ ግን ቦጅፑሪ ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተቀበረ ነው። የልጅ ልጆቹ የሚያውቁት የደሴቲቱን እንግሊዝኛ ነው። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ የአያትን ቋንቋ ያጣ ሰው ምን እንዳጣ ሊነግራችሁ እንኳ ቃል ያጥረዋል።

ነገር ግን ትሪኒዳድ በሌላ በኩል የሠራችው ሥራ አለ፤ እሱን ሳወራ ልቤ ይሞቃል። በ1880ዎቹ እንግሊዞች የአፍሪካውያኑን ከበሮ በሕግ ከለከሉ። ሕዝቡ ቀርከሃ ቆርጦ መሬት ላይ እየወቀጠ ምት ሠራ። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮና የመኪና ቁራጭ ብረት፣ በኋላም የነዳጅ በርሜል ሰበሰበ። የበርሜሉን ክዳን በመዶሻ እያጎደጎደ፣ እያንዳንዱ ጉብታ የራሱን ድምፅ እንዲሰጥ አደረገው። ስቲልፓን እንዲህ ተወለደ፤ ፖሊስ ከሚያሳድዳቸው፣ ጨዋ ቤተሰብ ከሚያፍርባቸው የድሃ ሠፈር ልጆች። ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የካቶሊኮች ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ፣ በካርኒቫል፣ ከተማዋን ያናውጣታል።

የእነሱ አዝማሪ ደግሞ ካሊፕሶ ዘፋኝ ነው። ጋዜጣ ያልደረሰበትን ወሬ በዜማ ያደርሳል፤ ሹመኛን ይወርፋል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ፖርት ኦፍ ስፔን ዝም አላለችም። ግራውሊንግ ታይገር የተባለው ካሊፕሶ ዘፋኝ በ1936 «የአፍሪካ ወርቅ» የሚል ዘፈን አስቀርጾ፣ ወራሪውን በስሙ ጠርቶ ከሰሰው። አስቡት፤ ያን ጊዜ መንግሥታት በጄኔቭ አንገታቸውን ሲደፉ፣ አገራችንን አይቷት የማያውቅ አንድ ደሴተኛ ስለ እኛ አቤት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966፣ ጃማይካ ከመድረሳቸው በፊት፣ ትሪኒዳድን ጎብኝተዋል።

የትሪኒዳድ ሕንዳውያንም በሙዚቃው ውስጥ አሉበት። ሱንዳር ፖፖ የተባለው ዘፋኝ የአያቶቹን የሠርግ ዜማ ከጊታርና ከካሊፕሶ ምት ጋር አዋሕዶ ቸትኒ ለሚባለው ሙዚቃ መንገድ ጠረገ። ሂንዱም አፍሪካዊም አብሮ ይጨፍርበታል።

የሞሪሸስ መልስ ሴጋ የሚባለው ሙዚቃ ነው። ራቫን የሚባለው ከበሮ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ነው፤ ከመመታቱ በፊት ቆዳው እንዲጠብቅ በእሳት ይሞቃል። ሴጋን ቤተ ክርስቲያንና ባለጸጋው ለረጅም ጊዜ ንቀውታል። ሴጋን ከሬጌ ጋር አዳቅሎ ሴጌን የፈጠረው ካያ በየካቲት 1999 በፖሊስ እጅ እንዳለ ሕይወቱ አለፈ። ደሴቲቱም ለቀናት በሁከት ነደደች። የክሪዮሎቹ ብሶት ከዚያ ቀን በፊትም ነበር፤ ያን ቀን ግን ያልሰማ ሁሉ ሰማው። ዛሬ ሴጋ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለ፤ በየሆቴሉም ለእንግዳ ይቀርባል።

ፖለቲካውን ብዙ አላስረዝምም። በሁለቱም ደሴቶች ምርጫ ሲመጣ ብዙ ሰው ዘሩን ይከተላል። ሞሪሸስ እንዲያውም አናሳዎች ከፓርላማ እንዳይቀሩ እስከ ስምንት ተጨማሪ ወንበር የሚሰጥ ሥርዓት አላት። ሥርዓቱ ሰውን የሚመድበው በ1972 የሕዝብ ቆጠራ ነው። ለሰላም ታስቦ የተሠራ ነው፤ ያም ቢሆን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በተቆጠረ ዘር ዛሬ ወንበር ማደል አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ሕዝቡ በእውነት አብሮ የሚቆምበትን ቦታ ላሳያችሁ። ፔር ላቫል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር፤ መንኖ ቄስ ሆነና በ1841 ሞሪሸስ መጣ። ክሪዮል ተምሮ ነፃ በወጡት ባሪያዎች መካከል ኖረ፤ መስከረም 9 ቀን 1864 ዐረፈ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ዋዜማ ሌሊት ካቶሊኩ፣ ሂንዱው፣ ሙስሊሙ ከየመንደሩ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሳንት ክሯ መቃብሩ ይጓዛል። የታመመ ያለው ስለ ታመመው፣ ልጅ ያጣ ስለ ልጅ ይለምናል።

በትሪኒዳድ ደቡብ ሲፓሪያ በምትባል ከተማ አንዲት ጥቁር የማርያም ምስል አለች። ካቶሊኮቹ መለኮታዊት እረኛ ይሏታል፤ ሂንዱዎቹ ሲፓሪ ማይ፣ የሲፓሪያ እናት፣ ይሏታል። በካቶሊኮቹ ጸሎተ ሐሙስና ስቅለት ሂንዱዎቹ ዘይትና ሩዝ ይዘው፣ የልጃቸውን የመጀመሪያ ፀጉር ሊያስላጩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑም በሩን ይከፍትላቸዋል።

መንገድ ወደ ሞሪሸስ የሚያወጣችሁ ከሆነ ጉዟችሁን በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን 4 ጋር አስማሙት፤ የፔር ላቫል ቀን በእኛ ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው የሚውለው። ወደ ትሪኒዳድ ከሆነ ደግሞ ካርኒቫሉን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። እስከ ስቅለት ቆዩና ሲፓሪያ ውረዱ።